ኮምፒውተሩን ከመቀየራችሁ በፊት 60 ኦም ፈልጉ

የኤክስካቫተሩ ሞኒተር «ኮሙኒኬሽን ኤረር» ይላል። የጋዝ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ብታዞሩትም ሞተሩ ከዝቅተኛ ዙሩ አይነሳም፤ ቡሙም (ትልቁ ክንድ) ይንቀረፈፋል። ባህር ዳርና ዙሪያዋ ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲጠና ባገለገሉ ኤክስካቫተሮች ላይ የሚጠበቅ ብልሽት ነው። ማሽኑ ቆሞ ኪራዩ ይቆጥራል፣ ባለንብረቱ ይቸኩላል፣ «ኮምፒውተሩ ሄዷል» ተብሎ ይፈረድና ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተር ይታዘዛል። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጡ። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሆኖ ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ማሳው (ግራውንዱ፣ ከማሽኑ ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ) የተበላሸበት ጊዜ ይበልጣል። የታዘዘው ኮምፒውተር ደግሞ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር ካልገጠመ ሁለተኛ ብልሽት ይዞ ይመጣል።

የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የፓምፑ ኮምፒውተርና ሞኒተሩ የሚነጋገሩት ካን ሃይና ካን ሎው በሚባሉ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ነው። በብዙ ማሽኖች የጋዝ ማዞሪያው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሞተሩ አይሄድም፤ መጀመሪያ የፓምፑ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ትእዛዙ ለሞተሩ የሚደርሰው ከዚያ በካን መስመር ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ሞተሩ ትእዛዝ ስለማያገኝ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ላለው ማሽን የናፍጣ ፊልትሮ መቀየርም ፓምፕ ማውረድም ጥቅም የለውም።

ማሽኑ የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶች ሳታጠፉ ሁሉንም ጻፉ። የትኛው ኮምፒውተር የትኛውን እንዳጣ ተመልከቱ። ሁሉም «ከሞተሩ ጋር ተለያየን» ካሉ የሞተሩን ኮምፒውተር ፊውዝ፣ ማሳና ሶኬት ፈትሹ። ሁሉም ሁሉንም ካጡ ግን ችግሩ ዋናው መስመር ላይ ነው። በጄ1939 ስታንዳርድ (የከባድ ማሽን ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ) ቁጥር 639 የመስመሩን ችግር የሚጠቁም ኮድ ነው። የኮሙኒኬሽን ኮድ ሳይኖር የብዙ ሴንሰሮች ኮድ በአንድ ጊዜ ከመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ ሴንሰር ሁሉም የሚጋሩትን 5 ቮልት ሾርት አድርጎት ይሆናል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ 5 ቮልቱ የሚመለስበትን ፈልጉ።

ባትሪውን አትለፉት። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አንድ ላይ ቆመው ሲያድሩ 25 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ሊያሳዩ ይገባል፤ ሞተር ሲነሳ ከ18 በታች ከወረዱ ኮምፒውተሮቹ እየጠፉ ይበራሉ፣ ያኔም የኮሙኒኬሽን ኮድ ይመዘገባል። ለሬዲዮ ወይም ለስልክ ቻርጀር ተብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት የተሳበበት ማሽን ካገኛችሁ ሽቦውን ነቅላችሁ በ24 ወደ 12 መቀየሪያ ተኩት። እንዲህ ያለው ሽቦ አንዱን ባትሪ አድክሞ ሌላውን ከመጠን በላይ ያስሞላል።

አሁን ወደ ዋናው። ቁልፉን አጥፉ፣ ኮምፒውተሮቹ ቁልፍ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ስለሚቆዩ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ቴስተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ አድርጋችሁ በምርመራ ሶኬቱ ሃይና ሎው መካከል ለኩ። ባለ 9 ፒኑ ክብ ሶኬት ላይ በስታንዳርዱ ሲ ሃይ፣ ዲ ሎው ነው፤ አምራቾች ግን ስለሚለዋውጡት የማሽኑን የሽቦ ሥዕል ተከተሉ። የምትፈልጉት 60 ኦም ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች አሉ፤ ጎን ለጎን ስለሚነበቡ ግማሹን ያሳያሉ። 120 ካነበባችሁ አንዱ ጫፍ ጠፍቷል ወይም ሽቦ ተቆርጧል። 40 ከሆነ ሦስተኛ ሬዚስተር ገብቷል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ሞዴል በመጣ ኮምፒውተር ነው። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሃይና ሎው ተነካክተዋል።

120 ሲመጣ መላውን ካቦ (የሽቦ ጥቅል) አትግለጡ። ጫፉ ላይ ያለውን አንዱን ኮምፒውተር ንቀሉና እንደገና ለኩ። ንባቡ ከጠፋ ስታዩት የነበረው የዚያ ጫፍ ሬዚስተር ነበር፤ ስለዚህ መቋረጡ በሌላው አቅጣጫ ነው። በአንድ ልኬት ግማሹን መስመር ከፍለጋው አወጣችሁ። በሰንሰለት የሚሄደው ማሽን ላይ ኮምፒውተሮቹ በአብዛኛው ከላይ በሚዞረው ክፍል ስላሉ ከታች ሰንሰለቱ አካባቢ ጊዜ አታባክኑ።

ኦሙ ደህና ከሆነ ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን ክፈቱ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ከማሳ ጋር ለኩ። ሃይ ከ2.5 እስከ 2.8፣ ሎው ከ2.2 እስከ 2.5 ቮልት አካባቢ፣ ድምራቸው 5 ገደማ ነው። ቴስተር አማካዩን ስለሚያሳይ ቁጥሩ ትንሽ ቢዋልል አትደንግጡ። ሁለቱም 2.5 ላይ ደርቀው ከቀሩ የሚናገር ኮምፒውተር የለም ማለት ነው፤ ወደ ዜሮ ወይም ወደ 24 የተጠጋ ሽቦ ደግሞ ከማሳ ወይም ከፖዘቲቭ ጋር ተነካክቷል።

ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት የኃይል መስመሩ ላይ ነው። ከውስጥ በዝገት ተበልቶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ለቴስተር 24 ቮልት ያሳያል፤ ቴስተር ከሞላ ጎደል ምንም ከረንት አይስብማ። ኮምፒውተሩን ነቅላችሁ በኃይልና በማሳ ፒኖቹ ላይ ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል አብሩ። ደምቆ ካልበራ ሽቦው በሽተኛ ነው። አምፖሉን ካን ሽቦና ሴንሰር ላይ ግን በፍጹም አታስነኩ። ማሳውን ደግሞ ማሽኑ እየሠራ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ኮምፒውተሩ ማሳ ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ቦሎኑን ፈትታችሁ እስከ ንጹሕ ብረቱ ድረስ ፋቁ።

እኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚታየው ከካቢናው ወለል በታች ያለው ሶኬት ነው። ሐይቁ ዳር ወይም ዓባይ ዳር ማሽን ሲታጠብ ውኃው በግፊት ካቢና ውስጥ ይገባና ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሶኬቱ ይወርዳል። የፎገራ ሜዳ ጥቁር ጭቃም ሶኬት ላይ ሲለጠፍ እርጥበቱን ለቀናት ይዞ ይቆያል። ጠዋት ተበላሽቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚድን ማሽን ካለ እርጥበት ጠርጥሩ። ሞተሩ ሲሞቅ ወይም ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ከሆነ ሞተሩ ጎን ያለውን ሶኬት እያወዛወዛችሁ ቴስተሩን ተመልከቱ። አይጥ የበላው ሽቦም ብርቅ አይደለም።

ጥገናው ላይ ስስት አያስፈልግም። አረንጓዴ የሆነውን መዳብ እስኪያበራ ድረስ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ለካን መስመሩ ከ0.5 እስከ 0.8 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጠቀሙ፣ ሃይና ሎውን በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ያህል አጠማዝዙ፣ መቀጠያውን ውስጡ ማጣበቂያ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፍኑት። ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ቴፕ) ብቻውን ክረምት አይችልም። ሶኬት ውስጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አትሙሉ፤ አሲዱ መዳቡን ይበላዋል። በኮንታክት ክሊነር አጽዱ፣ ባዶ የሆኑትን ቀዳዳዎች በራሳቸው መድፈኛ ድፈኑ። ጂፒኤስ ለማስገባት የተቀጠለ ሽቦ ካለም ፍቱት። ባልዲ ከመበየዳችሁ በፊት ባትሪውንና ኮምፒውተሮቹን ንቀሉ፣ የብየዳውን ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩ።

ሥራው አልቆ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ እንኳ አታስረክቡ። ውጪ አሳድሩት፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ 60 ኦሙን እንደገና ለኩ።