ከካርቶንና ከስንደዶ የተሠራች የጦር መርከብ

ከቤት ቁሳቁስ የጦር መርከብ ሞዴል መሥራት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መድፉ፣ ስለ ምሰሶውና ስለ መስኮቶቹ ነው። ሞዴሉ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ይህ ትክክል ነው። ጣና ላይ እንዲንሳፈፍ ከተፈለገ ግን ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ክብደቱ ነው ባይ ነኝ፤ መድፉ የትኛውም ቀን ሊሠራ ይችላል።

የመረጥኳት መርከብ የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ፣ «ኦርካ» በሚል ስም የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል ከቆየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ተዛወረች፤ ምጽዋን መቀመጫዋ አድርጋም የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና አገልግላለች። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሽታ፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እንደ አጥፊ መርከቦች ሸንቃጣና አስፈሪ አልነበረችም። ሆኖም የኋላ ክፍሏ ለአውሮፕላን ተብሎ ሰፊና ገላጣ ሆኖ በመሠራቱ፣ በካርቶን ለሚሠራ ሰው ከእርሷ የምትመች የጦር መርከብ ብዙም አትገኝም።

ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 12.5 ሜትር፣ ከውሃ በታች የሚውለው አካሏ ደግሞ 4.1 ሜትር ያህል ነበር። 1 ለ100 በሆነ መጠን ሲሠራ ሜትሩ በሳንቲ ሜትር ይተካል፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ክብደት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ጥልቀቱም እያንዳንዳቸው በ100 ስለሚካፈሉ ክብደቱ በ1,000,000 ይካፈላል፤ መርከቧ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ከ2,500 ቶን በላይ ትመዝን ስለነበር፣ ሞዴሏ በትክክለኛው የውሃ መስመር ላይ እንድትቀመጥ ከ2.5 ኪሎ ግራም ጥቂት መብለጥ አለባት። ከዚያ ከቀለለች ቀይ የተቀባው ሆዷ ከውሃ በላይ ይታያል፣ ከከበደች ደግሞ የላይኛው ወለሏ ወደ ውሃው ይጠጋል። መጠኑን በግማሽ ቀንሼ 1 ለ200 ባደርገው ኖሮ ክብደቷ በ8 ተካፍሎ ወደ 300 ግራም ይወርድ ነበር፤ በዚያ መጠን አንድ ተጨማሪ የቀለም ቅብ እንኳ መስመሩን ያዛባል። ስለዚህ ትልቋን መረጥኩ።

ቀፎው፣ ማለትም የመርከቧ ገላ፣ የሚጀመረው ከሥር ከፊት እስከ ኋላ ከሚዘረጋው አከርካሪው ነው። ከብስኩት ካርቶን የተቆረጡ ሁለት ረጃጅም ክፋዮችን በኮላ አጣብቄ፣ በላያቸው ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ጎድኖችን አቆምኩ። የእያንዳንዱ ጎድን ቅርጽ ከፊት እንደ ጠባብ ሽብልቅ ይጀምርና ወደ መሃል ሲደርስ ሆዱ ይሰፋል፣ ወደ ኋላ ሲሄድም እንደገና ከሥሩ ይነሣል። የመርከቧን መልክ የሚወስነው ይህ ለውጥ ስለሆነ፣ ጊዜ መወሰድ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የቀፎው ጎኖች እኩል እንዲሆኑ ወረቀቱን መሃል ለመሃል አጥፎ መቁረጥ ይበቃል። በጎድኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቴሌቪዥን ታሽጎ በሚመጣበት ነጭ ፎም ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ ከላይ የጫማ ካርቶንን በቀጫጭኑ ቆርጬ አለበስኩት። ፎሙ አየር ስለሆነ ሚዛን ላይ ምንም አይጨምርም ማለት ይቻላል፤ ቀፎው ቢበሳም መርከቧ እንዳትሰጥም ያደርጋል።

እዚህ ላይ ስለ ማጣበቂያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ካርቶንን አጥብቆ ይይዛል፣ ፎምን ግን ያቀልጠዋል። በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለምም በቀጥታ ፎም ላይ ከፈሰሰ ሊበላው ይችላል። ነጩ ኮላ ፎምን አይነካም፤ ነገር ግን ውሃ ሲያገኘው ይላላል። በመሆኑም ከፎም ጋር ኮላ፣ ከኮላው ላይ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ላይ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ላይ የዘይት ቀለም የሚለው ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። አንዳንዶች ካርቶን ውሃ እንዳያስገባ የሻማ ሰም ይቀቡታል፤ እኔ አልመክረውም፣ ምክንያቱም ሰም የነካው ካርቶን ከዚያ በኋላ ቀለም አይቀበልም።

ውሃ የሚጠጣ ቁስን ጣና ላይ ማንሳፈፍ አዲስ ነገር አይደለም። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት፣ ደንገሉ ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ነው። ዓጼ ቴዎድሮስም እ.ኤ.አ. በ1866 እዚሁ ጣና ላይ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ እንደ እንፋሎት መርከብ በጎንና በጎን በእጅ የሚዞሩ መቅዘፊያ ጎማዎች እንዳስገጠሙላቸው፣ ከእንግሊዝ ልዑክ ጋር መጥቶ በኋላ መቅደላ ላይ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። እጅ ላይ ባለ ነገር መርከብ የመሥራት ሐሳብ በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ከእኔ በፊት የነበረ ነው።

ከወለሉ በላይ ያለው ሥራ በቀላል ቁስ መሠራት አለበት፤ ከላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ግራም መርከቧን ለመገልበጥ ያግዛልና። ለጭስ ማውጫው የሶፍት ካርቶን ጥቅልል በጥቂቱ ተጨፍልቆ ይበቃል። የመርከብ አዛዡ ክፍልና ሌሎቹ ቤቶች ከደብተር ሽፋን ተሠርተዋል፣ መስኮቶቻቸውም በእስክሪብቶ የተሳሉ ናቸው። ፊት ለፊት ያለው ዋና መድፍ አፉ 127 ሚሊ ሜትር፣ የቧንቧው ርዝመት ደግሞ የዚያ 38 እጥፍ፣ ማለትም 4.8 ሜትር ያህል ነው፤ በሞዴሉ ላይ 4.8 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቱቦ ይተካዋል። ለትንንሾቹ ባለ 40 ሚሊ ሜትር መድፎች ስፒል በቂ ነው። ለምሰሶው፣ ለመሰላሉና ለአጥሩ ግን ከስንደዶ የተሻለ አላገኘሁም፦ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ባዶ፣ ጠንካራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብደት የሌለው ነው። እናቴ ለስፌት ካስቀመጠችው ነዶ ላይ ስመዝ አይታኝ፣ «አንተ ልጅ፣ መሶቤን መርከብ ልታደርገው ነው?» አለችኝና፣ አጠሩብኝ ያለቻቸውን መርጣ ሰጠችኝ። ለእኔ አላጠሩም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲመዘን ከሚፈለገው 2.5 ኪሎ በእጅጉ ያንሳል፤ እንዲያንስም ታስቦ የተሠራ ነው። ጉድለቱ የሚሞላው ከታች ነው። በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ደረቅ አሸዋና አሮጌ ብሎን በአከርካሪው ግራና ቀኝ ይደረደራል፤ ማዘንበሏ በውሃ ላይ እየታየም ቋጠሮዎቹ ወዲህና ወዲያ ይገፋሉ። ጣና ጨው አልባ ውሃ በመሆኑ ከቀይ ባሕር ይልቅ የመሸከም ኃይሉ በመቶ 3 ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ያው ክብደት እዚህ ሞዴሏን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጋታል። ምጽዋ ላይ የነበራትን መስመር እዚህ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ጥቂት አሸዋ መቀነስ አለበት።

መሞከሪያው ጊዜ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና 20 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ማስነሣት አያቅተውም፤ ይህ ለሰው ምንም ባይሆንም፣ ለሞዴሏ 20 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል ማለት ነው። ሞገድ ከመርከብ ጋር አብሮ አያንስም። ስለዚህ ደንገል ከነፋስ የሚከልለው የባሕር ዳር ዳርቻ፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማይበልጥበት ቦታ ይመረጣል።

ሞተር ገና አልገጠምኩላትም። እውነተኛዋ መርከብ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዝ ነበር፤ የሞዴል ፍጥነት የሚካፈለው በ100 ሳይሆን በ100 ካሬ ሥር ማለትም በ10 ስለሆነ፣ ለእርሷ በሰዓት 3.3 ኪሎ ሜትር፣ ከሰው እርምጃ ያነሰ ፍጥነት ይበቃታል። ለዚያ ከተበላሸ ቴፕ የተፈታ ትንሽ ሞተር ያገለግል ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ባትሪዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ከወዲሁ መሃል ላይ፣ ከአከርካሪው አጠገብ ትቼዋለሁ፤ እነርሱ ሲገቡ የክብደታቸውን ያህል አሸዋ ይወጣል።