ማርያም የሳመቻት

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንግዶቼን ቀና ብለው ጣራውን እንዲያዩ አደርጋለሁ። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ያው ትልልቅ ዓይን፣ ያው ክንፍ። «አትቸኩሉ፣ አንድ በአንድ እዩ» እላቸዋለሁ። አስጎብኚ ሆኜ በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ይህን ሳልናገር የወጣሁበት ቀን የለም።

አምና አራት ቻይናውያን ሴቶች ይዤ እዚያው ነበርኩ። ለአንዷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል በደንብ አስረዳኋት። ትንሽ ቆይቼ ለሌላዋ ብዬ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ይህን እኮ ቅድም ነግረኸኛል» አለችኝ። ያቺው ሴት ናት። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አየኋቸው። አንዷ ረዘም ያለች፣ ፊቷ ሞላላ ነው። ሌላዋ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። ያቺ የተሳሳትኩባት ደግሞ ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም ስማታለች። እንዴት አለፈኝ? ሳስበው፣ እኛ ሰውን ለይተን ስንናገር የምንጀምረው ከመልክ ነው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን። እነሱ ላይ ይህ ብዙም አይረዳም፤ ዓይናችን ደግሞ ሌላ ምልክት መፈለግ አልለመደም። እነሱም በመጀመሪያው ቀን እኔንና ሹፌሩን መለየት አቅቷቸው ነበር። ሰው ቶሎ የሚለየው አብሮት ያደገውን ፊት ነው።

ቡና ላይ ስንቀመጥ ጓደኞቼ «በዚያች ዓይን እንዴት ያያሉ?» ይሉኛል። እንደኛው ነው የሚያዩት። የሚለየው የዓይን ቆባቸው እጥፋት ነው፤ እሱም ሁሉም ላይ አንድ አይደለም። አገሪቱ በይፋ የምታውቃቸው 56 ብሔረሰቦች አሏት።

ቋንቋቸውን «ቺን ቾን» እያሉ የሚያሾፉትን ግን አልወድም። ማርያም የሳመቻት ሴት ቡና እየጠጣን «ማ» የምትለዋን ቃል አስተማረችኝ። ድምፅን ከፍ አድርጎ ቀጥ ካሉት እናት ነው። ከታች ወደ ላይ ካነሱት ቃጫ የሚወጣበት ተክል ነው። ዝቅ አድርገው መልሰው ካነሱት ፈረስ፣ ከላይ ቁልቁል ከጣሉት ስድብ ነው። እኔም «ገና»ን ሰጠኋት። አላልቶ ሲነገር «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ። ፊደሉ አንድ ነው። ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ ሰማችኝ። በሦስተኛው ለየችው።

«ቻይንኛ»ም አንድ ብቻ አይደለም። የቤጂንግ ሰውና የጓንግዡ ሰው እያንዳንዳቸው በአገራቸው አነጋገር ቢያወሩ ላይግባቡ ይችላሉ። ሲጽፉት ግን ይነባበባሉ። 5 ብለን ብንጽፍ እኛ አምስት፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሓሙሽተ ብሎ እንደሚያነበው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ኮሪያዊውንም ጃፓናዊውንም «ቻይና! ቻይና!» ማለታችን ነው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች የተዋጉት ለደቡብ ኮሪያ ወግነው ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር ጋር ነበር። ያን ውለታ እያነሳ የሚያመሰግን ኮሪያዊ ሽማግሌ ፒያሳ ላይ «ቻይና» ተብሎ ሲጠራ አጠገቡ ቆሜ አውቃለሁ። ምን ብዬ እንደማስረዳው ጠፋኝ።

ሴቶቹንም ከቡናው ስንወጣ አንድ ሊስትሮ «ቻይና!» ብሎ ጮኸባቸው። «ማሙሽ፣ ና እስቲ» አልኩት። እየፈራ መጣ። ማርያም የሳመቻት ሴት ጎንበስ ብላ ስሙን ጠየቀችው፤ የራሷንም ነገረችው። «እናት በናንተ ምንድን ነው?» አለ። «ማ» አለችው። ወዲያው ደገመው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀጥ አድርጎ። እኔ ስንት ጊዜ የለፋሁበትን!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቡድን ይዤ በዚያው ሳልፍ ልጁ የጫማ ሳጥኑን ይዞ ሮጦ መጣ። እያንዳንዳቸውን ቀና እያለ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ማርያም የሳመቻትስ? አልመጣችም?»