ከጭቃ የወጣ ወረፋ

ደመወዜ የወሩን አጋማሽ መሻገር እያቃተው ሲመጣ፣ ከዘይትና ከስኳር ላይ ጥቂት ብር ለማትረፍ በማሰብ የኩፖን ሰው ለመሆን ወሰንኩ። የሸማቾች ሱቅ የመጣለትን ዘይትና ስኳር ለነዋሪው በኩፖን ሲያከፋፍል ዋጋው ከግል ሱቁ ስለሚቀንስ፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሆኖም ተከራይ በመሆኔ በስሜ ኩፖን አልነበረኝም። አከራዬ እትዬ ደግሞ ኩፖን እንጂ ወረፋ የሚቆሙበት ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ እኔ ልሰለፍ፣ ዘይቱ የእርሳቸው፣ ስኳሩ የእኔ ሊሆን ተስማማን። የባሕር ዳር የክረምት ብርድ ያንን ዘይት ጠዋት ጠዋት ነጭ አድርጎ ሲያረጋው ስለማየው፣ በክፍፍሉ ቅር አላለኝም።

ዘይት መጥቷል በተባለ ማግስት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በካፊያ ውስጥ ስደርስ አንድም ሰው አልነበረም። ወረፋው ግን ረጅም ነበር፤ ድንጋዮች፣ ባዶ ጄሪካኖች፣ አንድ እግር ሸበጥ እና አንገቱ የተሰበረ ጀበና ተራቸውን ጠብቀው ተሰልፈዋል። ጥበቃው፣ «ድንጋይህን አኑርና ሄደህ ተኛ፤ ሰዉ ሁሉ ተኝቷል» አለኝ። እኔም ከቦዩ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አምጥቼ ከጀበናው ኋላ አስቀመጥኩና ሻይ ልጠጣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ፀሐይ ወጥታ ስመጣ ሰፈሩ በጩኸት ተናውጧል። አንድ ባጃጅ ከሱቁ ፊት ለፊት በሐምሌ ጭቃ ተይዞ፣ ሾፌሩና ሁለት ጎረምሶች ወረፋችንን አንድ በአንድ እያነሡ ከጎማው ሥር ይደለድሉታል። ሴቶቹ «ኧረ ተራችንን!» ብለው ቢጮኹ፣ ሾፌሩ «ያነሣሁት ድንጋይ ነው እንጂ ሰው መሰላችሁ?» ብሎ ጋዙን ሰጥቶ ወጣ፤ ወረፋችንም ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከርስት ክርክር አያንስም። ለጎማ የማይበጁት ጄሪካኖች፣ ሸበጡና ጀበናው ከቦታቸው ስላልተነሡ ባለቤቶቻቸው እንደ መኳንንት ቆመው ሲመለከቱ፣ እኛ የድንጋይ ወገኖች እጅጌያችንን ሰብስበን ጭቃውን መማስ ጀመርን። አንዲት እናት «የእኔ ነጭ መስመር ነበረበት» እያሉ ይምላሉ፤ የእኔን ጥቁር ድንጋይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ አቅፎት አልለቅም አለ። ነገሩ በሽማግሌ ቢታይም መቋጫ ያገኘው የጀበናዋ ባለቤት፣ «ከጀበናዬ ኋላ የነበረው ጥቁሩ ነው፤ ይህ ልጅ ሲያኖረው በመስኮት አይቻለሁ» ብለው በመመስከራቸው ነው። በሌሊት በመስኮት ምን ያዩ እንደነበር መጠየቅ አልፈለግሁም።

ተራዬ ደርሶ ኩፖኑን ስሰጥ፣ ሻጩ ስሙን አነበበና እስከ ጉልበቴ ጭቃ የለበሰውን እኔን አየት አድርጎ፣ «ወይዘሮዋ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በአንድ ድምፅ፣ «የጥቁሩ ድንጋይ ባለቤት ነው፤ ስጠው!» አለልኝ። ማኅተሙ ተመታ፣ ዘይቱም ተሰጠኝ። ስኳሩ ግን ከእኔ ፊት በነበሩት በጀበናዋ ባለቤት ላይ አልቆ ነበር።

እትዬ ዘይታቸውን ተቀብለው ከመረቁኝ በኋላ ጭቃዬን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ስኳሩ ሐሙስ ይገባል ብለዋል። አንተ ግን ለሐሙሱ ድንጋይ ሳይሆን ጀበና ይዘህ ሂድ» አሉኝ።