ሶላር ፓነል ሙቀት አይወድም

ሶላር ያስገጠመ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነገር አንድ ነው፤ ፀሐይዋ በከረረች ቁጥር ኃይሉም ይጨምራል። ግማሹ እውነት ነው። ፓነል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከብርሃን ነው። ሙቀቱ ምንም አይጨምርለትም፤ እንዲያውም ይቀንስበታል። በጠራራ ፀሐይ ፓነሉ ለምን እንደሚለግም ግራ የሚገባችሁ ከሆነ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ፓነሉ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት 400 ዋት ወይም 550 ዋት የሚል ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የተለካው ቤት ውስጥ፣ ለመለኪያ በተዘጋጀ መብራት ነው፤ በካሬ ሜትር 1000 ዋት የሚሆን ብርሃን እያረፈበት፣ ሴሎቹ (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት የፓነሉ ትናንሽ ክፍሎች) ደግሞ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆነው። ልብ በሉ፣ 25 የተባለው የሴሉ ሙቀት ነው፤ የአየሩ አይደለም። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ፓነል ከአየሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በልጦ ይሞቃል። አየሩ 35 ሲሆን ሴሉ ከ55 እስከ 65 ይገባል ማለት ነው። እጃችሁን ብታስነኩት ትደነግጣላችሁ።

ከ25 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ኃይሉ ምን ያህል እንደሚቀንስ የፓነሉ የመረጃ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለው ትንሽ ቁጥር ነው። በተለመዱት የሲሊከን ፓነሎች ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሄትሮጃንክሽን በሚባሉት (ሁለት ዓይነት ሲሊከን የተደራረበባቸው) ደግሞ ወደ 0.25 ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። 400 ዋት ፓነል፣ ቁጥሩ 0.35፣ ሴሉ 65 ዲግሪ። ልዩነቱ 40 ዲግሪ ነው፣ በ0.35 ሲባዛ 14 በመቶ። ስለዚህ ምንም ደመና ሳይኖር፣ አቧራም ሳይነካው፣ 400 ያላችሁት ፓነል 344 ዋት ሆነ። ስምንት ፓነል ካላችሁ 448 ዋት ሄደ፤ አንድ ሙሉ ፓነል ከጣሪያው የተነሳ ያህል ነው። ሞቃት ቦታ የሚኖር ሰው ፓነል ሲገዛ ከዋጋው እኩል ይህን ቁጥር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

ከዚህ ሁሉ ቀላሉ መፍትሔ አየር ነው። ፓነሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ መግጠም መጥፎ ሥራ ነው፣ በግልጽ ልናገረው። ከጀርባው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከተተወ ነፋስ እየገባ ያበርደዋል። ለስለስ ያለ ነፋስ ብቻ እንኳ ሴሉን በብዙ ዲግሪ ያወርደዋል። እኩለ ቀን ላይ ለማብረድ ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን አይገባም። የጋለ መስታወት ድንገት ሲበርድ ሊሰነጠቅ ይችላል። ማጠብ የፈለገ ማለዳ ይጠብ።

ደመናስ? ደመና ሲመጣ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ጭፍግግ ባለ ቀን ከሙሉ አቅሙ ከ10 እስከ 25 በመቶ ያህል ሊሰጥ ይችላል፣ ደመናው ስስ ከሆነ ከዚያም በላይ። ደስ የሚለው ግን ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ሲከፋፈት ነው፤ አየሩ ቀዝቅዟል፣ አቧራው ታጥቧል፣ ፀሐይዋ በደመናዎቹ መካከል ስትወጣ ደግሞ የደመናው ጠርዝ ብርሃን ስለሚጨምርባት ለአፍታ ከተጻፈው ዋት በላይ ሊያሳያችሁ ይችላል። ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ብርድ ልምጣ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ሙቀት የሚቀንሰው በዋናነት ቮልቱን ነው፤ ብርድ ደግሞ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል። ምንም ዕቃ ሳይያያዝበት በ25 ዲግሪ የሚለካው ቮልት 49 የሆነ ፓነል ሦስት በተከታታይ ቢገናኝ 147 ቮልት ይሆናል። ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው መሣሪያ) እስከ 150 ይችላል ተብሏል፣ እና ይበቃል ተብሎ ይገናኛል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሴሉ 5 ዲግሪ ላይ ሆኖ ፀሐይ ትወጣለች። ቮልቱ በየዲግሪው 0.28 በመቶ የሚጨምር ከሆነ በ20 ዲግሪ ልዩነት 5.6 በመቶ ይጨምራል፤ 147 የነበረው 155 ገባ ማለት ነው። ኮንትሮለሩ ያኔ አለቀለት፣ ምናልባትም ዋስትናው አብሮ ሄደ። ስለዚህ ፓነል በተከታታይ ሲደረደር ስሌቱ የሚሠራው በዓመቱ ውስጥ ሊኖር በሚችለው ቀዝቃዛ ማለዳ ነው። ገጣሚውን ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ባትሪውንም አትርሱ። የሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ ብርድ ደግሞ የሚይዘውን ይቀንሰዋል። ሊቲየም የሆነው ከ0 ዲግሪ በታች እያለ ቻርጅ መደረግ የለበትም።

ፓነሉ በርግጥ ተዳክሞ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬን ከትናንት ጋር አያወዳድር። አንድ ደመና ብቻ ውጤቱን ይገለብጠዋል። የዚህን ወር ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዩ፣ ወይም ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ቀን ጠብቁና እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩን ተመልከቱ። ፓነሉ ተጠርጎ፣ የዛፍም ሆነ የውሃ ታንከር ጥላ ሳያርፍበት፣ አየሩም ቀዝቅዞ እያለ አምና በተመሳሳይ ሰዓት ይሰጥ ከነበረው በጣም ካነሰ ጥፋቱ የአየሩ አይደለም። ባለሙያ አስጠሩና መጀመሪያ የኬብል መገናኛዎቹን ያስፈትሹ።