ቫርኒሽ የማይደርቅበት ወር

ሐምሌ ጅማ ላይ ቫርኒሽ አይደርቅም። ጠዋት የቀባሁትን በርጩማ ማታ ስነካው ጣቴን ይይዘዋል። ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። ሄርማታ ሰፈር ያለ አንድ ደንበኛ ስድስት የዋንዛ በርጩማ አዞኝ ነበር። ሦስቱን አስረከብኩ፤ ሦስቱ እስካሁን ግድግዳ ስር ተደርድረው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ሰውዬው በቀን ሁለቴ ይደውላል። እኔ ሙዚቃ እከፍታለሁ። ምን ላድርግ?

በእንዲህ ያለ ቀን የምከፍተው ዘፈን አንድ ነው፤ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቢል ዊዘርስ "ኤይንት ኖ ሰንሻይን"። እሷ ስትሄድ ፀሐይ የለም ነው ነገሩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "አንተ ይሄን ዘፈን ስትከፍት ነው ዝናቡ የሚመጣው" ይለኛል። ሟርተኛ አድርጎኛል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የወደድኩት የአልበሙን ሽፋን ነው። ቢል ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ቆሟል። አዎ፣ የሠራተኛ ምሳ ዕቃ። ፎቶው የተነሳው በምሳ ሰዓት፣ በሚሠራበት ፋብሪካ ነው። እዚያ ለቦይንግ 747 አውሮፕላን የሽንት ቤት መቀመጫ ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት 9 ዓመት ባሕር ኃይል አገልግሏል። ዘፈኑ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቷል። ያኔም ቢሆን ሥራውን ለመልቀቅ አልቸኮለም፤ የሙዚቃ ነገር አያስተማምንም ብሎ። ዘፈኑ የወርቅ ሸክላ ሽልማት ሲያገኝ አሳታሚዎቹ ምን ቢሸልሙት ጥሩ ነው? ወርቃማ የሽንት ቤት መቀመጫ! እኔን በርጩማ ቢሸልሙኝ እንደማለት ነው።

በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ዋናው ዘፈን "ሃርለም" የሚለው ነበር። "ኤይንት ኖ ሰንሻይን" ከሸክላው ጀርባ ነው የተቀመጠው። የሬዲዮ ሰዎች ሸክላውን ገልብጠው አጫወቱት፤ በአሜሪካ ሰንጠረዥ እስከ 3ኛ ወጣ። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ጀበና ሳይፈላ ያልቃል።

እኔን የያዘኝ ግን መሃሉ ነው። ሙዚቃው ወደ ኋላ ይልና ቢል "አይ ኖው" ማለት ይጀምራል። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ... ይቆማል ስትል አይቆምም። ብርጭቆ ወረቀት እየሳብኩ ብዙ ቀን ቆጥሬዋለሁ፤ 26 ጊዜ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ግጥም ሊጽፍ አስቦ ነበር አሉ። አብረውት ስቱዲዮ የነበሩት ሙዚቀኞች እንዳለ ተወው አሉት። ፕሮዲውሰሩ ቡከር ቲ ጆንስ ነው፤ ጊታሩን ስቲቨን ስቲልስ ይዞታል። እሱ ገና የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እነሱ ስም ያላቸው፤ ሰማቸው። ቢል በልጅነቱ ይንተባተብ እንደነበር ካወቅኩ ወዲህ ደግሞ ያንን ቦታ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ሲንተባተብ ያደገ ሰው አንዱን ቃል 26 ጊዜ ሲደጋግም አንዴም አልተደናቀፈም።

ስለዚህ ይህን ዘፈን ደግሞ የሚዘፍን ሰው ሲመጣ እኔ የምጠብቀው ያቺን ቦታ ነው።

ማይክል ጃክሰን በ1972 በወጣው የመጀመሪያ ብቸኛ አልበሙ ላይ ዘፍኖታል። ገና የ13 ዓመት ልጅ! ድምፁ ልብ ይነካል፤ ግን ያ ልጅ ምኑን ነው የሚያውቀው? ፍሬዲ ኪንግ በዚያው ዓመት ወደ ብሉዝ ወሰደው። እሱ ላይ ጆሮዬ ጊታሩን ብቻ ነው የሚከተለው። አይዛክ ሄይስ መድረክ ላይ በረጅሙ ለጠጠው። እወደዋለሁ፤ ግን ለሥራ አይሆንም፤ መላጊያዬን አስጥሎኝ ያውቃል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የጃማይካው ሆራስ አንዲ ነው። በሬጌ ምት፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፁ። ሬጌ ሲባል ሰው ጭፈራ ይጠብቃል። አንዲ ግን ብርድ የያዘው ሰው ነው የሚመስለው። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ክራር የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዞት ሱቄ ተጠለለና አሰማሁት። "ይሄማ ባቲ ባቲ ይሸታል" አለ። ክራሩን በባቲ ማይነር ቅኝት ቃኝቶ ሞከረው። አንዳንድ ቦታ ክሩ እምቢ ቢለውም አብዛኛው ገጠመለት። (ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፤ የፈረንጅን ከእኛ ማጋባት እዚህ አገር ብርቅ አይደለም።)

ያን ቀን ነው በአማርኛ እንሞክረው ያልነው። "አውቃለሁ" አልገባ አለን፤ ይረዝማል። "አይ ኖው" ሁለት ምት ነው። ብዙ ከታገልን በኋላ "ገባኝ" የሚለውን አገኘን። ገባኝ፣ ገባኝ፣ ገባኝ... ልክ ነው! እኔ ዘፋኝ፣ እሱ ክራር፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጣውላ እየደበደበ። አሥራ ምናምን ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።

እናቴ ምሳ ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

"ምንድነው እሱ?"

"ዘፈን ነው እማዬ። ሴትየዋ ሄዳበት ነው።"

"ታዲያ ይሄን ያህል ጊዜ ገባኝ የሚል ሰው ምን ገብቶታል?" አለችና ምሳ ዕቃውን ጣውላው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ስለዚህ ዘፈን የዚህን ያህል የገባው ሐያሲ አላጋጠመኝም።

ይህን እየጻፍኩ የሄርማታው ሰውዬ ደወለ። ሦስቱ በርጩማ የት ደረሰ ይላል። ለልጁ ሠርግ ነው፣ ቀን ቆርጧል፣ ቃል ገብተህልኛል፣ ዝናቡ እኔን አይመለከተኝም ይላል።

"ገባኝ ጋሼ" አልኩት። "ገባኝ። ገባኝ።"