ከማሳው ሳልወጣ የምሞላው ደብተር

ለሰው ማሳ በክፍያ ፀረ-ተባይ መርጨት ስጀምር ከባዱ ነገር ፈቃድ ማውጣት መስሎኝ ነበር። ፈቃዱ ተራ ተጠብቆ፣ ወረቀት ተሟልቶ ያልቃል። ያስቸገረኝ የርጭት መዝገቡ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞረትና ጅሩ ላይ ስንዴ፣ ምንጃር ላይ ጤፍ፣ ሸዋሮቢት ላይ ሽንኩርትና ማሾ ስረጭ የያዝኩትን አሠራር ከነቁጥሩ እነሆ።

መጀመሪያ ወረቀቱን በአጭሩ። የሥራው መሠረት የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ከዚህ ሕግ ረጪ በቃሉ ሊይዘው የሚገባው፣ አገር ውስጥ ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ በመደበኛው መንገድ አይሸጥም፣ አይረጭም የሚለውን ነው። በኔ በኩል ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሄደ፦ ሥልጠና፣ ከዚያ ከግብርናው በኩል የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ምዝገባ፣ በመጨረሻ የንግድ ፈቃድ። ገልብጦ ከንግድ ጽሕፈት ቤት የጀመረ የብቃት ማረጋገጫ አምጣ ተብሎ ይመለሳል። የስንዴ በሽታ የሆነው ዋግ በሚነሳበት ሰሞን ሁለት ሳምንት በቢሮ በር ላይ ማሳለፍ ዓመቱን መክሰር ስለሆነ ወረቀቱ ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ሌላው የሚሳሳቱበት የሥራ ዘርፉ ላይ ነው። ፀረ-ተባይ መሸጥና ፀረ-ተባይ መርጨት ሁለት ሥራ ናቸው። በመርጨት ፈቃድ መድኃኒት ከገበያ እየገዙ ለገበሬ ማከፋፈል አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው ያከፋፈለው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ባለማሳው ራሱ ከነደረሰኙ ይገዛል። እኔ የምሸጠው ጉልበትና ልኬት ነው። የጎተራ ክኒን፣ ሰዉ ፎስቶክሲን የሚለውን፣ ጭራሽ አልነካም። እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው የፎስፊን ጋዝ ሰው በሚያድርበት ቤት ገዳይ ነው፤ ጀርባ ላይ በሚታዘል መርጫ የሠለጠነ ሰው የሚሠራው አይደለም። እምቢ ያልኩትን ሥራም በደብተሩ ጀርባ ቀኑንና ምክንያቱን ጽፌ አስቀምጣለሁ።

አሁን ወደ ደብተሩ። እዚያ ላይ "በሄክታር ይህን ያህል" ብሎ ለመጻፍ መርጫው በሄክታር ስንት ሊትር እንደሚያፈስ መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው። መድኃኒቱን በክዳን፣ ውሃውን በዓይን ይለካና "በጥማድ ሦስት መርጫ" ይላል። ክዳን መለኪያ አይደለም፤ የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ከሌላው ይለያያል። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅና ባለ ቁጥር ጆግ በትንሽ ብር ይገዛል።

የኔ አለካክ ይህ ነው። 10 በ10 ሜትር ቦታ በካስማና በሲባጎ እከልላለሁ። መርጫው ላይ ውሃ አድርጌ ቱቦው እስኪሞላ ወደ ውጭ አስፈስሳለሁ፤ ይህ ካልተደረገ ቱቦው የያዘው ውሃ ከሂሳቡ ይገባና ያሳስታል። ከዚያ የቀረውን ደፍቼ ልክ 5 ሊትር እጨምርና በሥራ ቀን እንደምራመደው እየተራመድኩ የከለልኩትን እረጫለሁ። የተረፈውን መልሼ እለካለሁ። 3 ሊትር ከተረፈ የወጣው 2 ሊትር ነው። መቶ ካሬ ሜትር የሄክታር መቶኛ በመሆኑ 2 ሲባዛ በ100፣ 200 ሊትር በሄክታር ይሆናል።

እነዋሪ አካባቢ መረሬው (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ላይ በቢቢኤም፣ ማለትም ሰፊ መደብና ቦይ በሚያወጣው መሣሪያ፣ የተሠራ ማሳ ለዚህ ይመቻል። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ስለሆነ በቦዩ የሚሄድ ሰው የሚሸፍነው ስፋት 1.2 ሜትር ሆኖ ይቀራል። በደቂቃ 50 ሜትር ከተራመድኩ 60 ካሬ ሜትር እሸፍናለሁ፤ ኖዝሉ (የመርጫው አፍንጫ) በደቂቃ 1.2 ሊትር የሚያፈስ ከሆነ ያው 200 ሊትር በሄክታር ይመጣል። ጭቃ ሲሆን ግን በደቂቃ 50 ሜትር የሚራመድ የለም። ሰውየው ይዘገያል፣ ኖዝሉ ግን አይጠብቀውም፣ መጠኑ ይጨምራል። ዝናብ ባደረ ማግሥት ልኬቱን እደግማለሁ። ኖዝሉንም በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ደቂቃ ጆግ ውስጥ አስፈስሼ አየዋለሁ። አዲስ ሳለ 1.2 ሊትር ይሰጥ የነበረው 1.32 ከደረሰ፣ ማለትም አንድ አሥረኛ ከጨመረ፣ ይጣላል። በሽቦ የሚጎረጎር ኖዝል በአንድ ቀን እዚያ ይደርሳል፤ ሲደፈን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውሃ ነው የሚጸዳው። በአፍ የሚነፋ አለ፣ ምን ልበለው።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የስንዴ ዋግን ለመከላከል ቲልት 250 ኢሲ የተባለው ፀረ-ፈንገስ በሄክታር ግማሽ ሊትር ነው። ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ከተባለ 125 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 50 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። 16 ሊትር የሚይዝ መርጫ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ 40 ሚሊ ሊትር ይገባበታል። ሦስት ሙሉ መርጫ ተረጭቶ 2 ሊትር ይቀራል፤ ለእሱ 5 ሚሊ ሊትር። ድምሩ 125።

ችግሩ "ጥማድ ነው" የተባለው ሁሉ ሩብ ሄክታር አለመሆኑ ነው። የበሬ ጥማድና የቀበሌ ጥማድ ይለያያሉ። በ50 ሜትር ሜትሮ ስለካው 50 በ38 የሚወጣ አለ፤ 1,900 ካሬ ሜትር ነው። ለዚህ የሚበቃው 95 ሚሊ ሊትር ሲሆን በስሙ ብቻ 125 ቢገባበት ከሚገባው ሲሶ ያህል በልጧል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሁለት ቦታ አለኝ፤ አንዱ ባለማሳው የነገረኝ ስፋት፣ ሁለተኛው እኔ የለካሁት። ሂሳቡ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ነው።

የሚሞሉትን ነጥቦች ስመርጥ የሌላ አገር ሕግም አይቻለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የእርሻ ሕግ፣ አጠቃቀማቸው የተገደበ ፀረ-ተባዮችን የሚረጭ ገበሬ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመዘግብና መዝገቡን 2 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል፤ በክፍያ የሚረጨው ደግሞ ቅጂውን በ30 ቀን ውስጥ ለደንበኛው ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2009 ለባለሙያ ረጪ ቢያንስ 3 ዓመት ይላል። እኔ 3 ዓመቱን ወሰድኩ፤ ማሾው ወደ ውጭ የሚሄድ ሰብል ስለሆነ። 14 ቀኑን ግን አልወሰድኩትም። በቀን አራት ማሳ የረጨ ሰው ማታ እራት ላይ የሦስተኛውን ማሳ ነፋስ አያስታውስም፣ የሚጽፈው ግምቱን ነው። ስለዚህ መርጫው ታጥቦ ሳይደርቅ፣ ከማሳው ድንበር ሳልወጣ እሞላለሁ።

አንድ ርጭት አንድ ገጽ ይይዛል። ከላይ ባለማሳው፣ ቀበሌውና ጎጡ፣ ሰብሉና እድገቱ። ቀጥሎ መድኃኒቱ፤ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን ንጥረ ነገሩና ጥንካሬው፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የባች ቁጥሩ። ጥንካሬውን መዝለል አደጋ አለው። ገበሬው አንዱን ስም ለሁሉም ይሰጣል፤ ካራቴ ንጥረ ነገሩ ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሆነ ፀረ-ነፍሳት ነው፤ ገበሬው "ካራቴ" ያለው ግን ያው ንጥረ ነገር ሌላ ስምና ሌላ ጥንካሬ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለምን እንደተረጨ፤ "ለተባይ" አይበቃም፣ "ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ" ወይም "ስንዴ ላይ ቢጫ ዋግ" መባል አለበት። ከዚያ የለካሁት ስፋት፣ የገባው መድኃኒትና ውሃ፣ የመርጫው ቁጥር፣ የረጨው ሰውና የለበሰው መከላከያ።

የመርጫው ቁጥር ለምን? ፀረ-አረም የሚረጭበትና ሌላው መለየት ስላለባቸው። ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድለው ቱፎርዲ የገባበት መርጫ ዝም ብሎ በውሃ ተለቃልቆ ማሾ ላይ ከወጣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ግንዱ ይጣመማል። ሁለት መርጫ ገዝቼ የፀረ-አረሙን ጀርባ ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ከዚህ ይልቅ መርጫ ማጠብ ይቀላል የሚል ካለ የአንድ ጥማድ ማሾ ዋጋና የአንድ መርጫ ዋጋ ያስተያይ።

ከሁሉም የምወደው "አዋሳኝ" የሚለው ክፍል ነው። የመሬት ወረቀት ላይ እንደሚጻፈው በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ ምን እንደተዘራ እጽፋለሁ። ጤፍ ላይ ቱፎርዲ ሲረጭ አጠገቡ ምስር፣ ጓያ ወይም ሽምብራ ካለ ነፋሱ የሚሄድበት አቅጣጫ ክስ ሊሆን ይችላል። ነፋሱን የማየው እፍኝ እብቅ ከደረቴ ከፍታ በመልቀቅ ነው። እግሬ ሥር ከወረደ እረጫለሁ፤ ተወስዶ አጠገቤ ያለው መደብ ላይ ካረፈ እጠብቃለሁ። ደግሞ ቅንጣት ነፋስ የሌለበት ማለዳም አያስተማምንም። የሸዋሮቢት ሜዳ ላይ ጭስ ተዘርግቶ ሳይነሳ የሚቆይበት ሰዓት አለ፤ ያኔ ደቃቁ ጠብታ አብሮት ተንሳፎ ያልታሰበ ቦታ ያርፋል። ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲጀምር እጀምርና ሙቀቱ ሳይበረታ አቆማለሁ። አጠገብ የንብ ቀፎ ካለ ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ ፀረ-ነፍሳት አልረጭም፤ የግድ ከሆነ ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ፣ ባለቀፎው ከዋዜማው ተነግሮት። የተነገረበት ቀን ይመዘገባል።

የውሃው ምንጭም ቦታ አለው። "መድኃኒትህ አልሠራም" የሚለው ወሬ የሚመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የሮቢ ወንዝ ደፍርሶ ሳለ በተቀዳ ውሃ የተረጨ ግላይፎሴት የተባለ ፀረ-አረም ከአፈሩ ጋር ይጣበቅና ኃይሉን ያጣል፤ ደብተሩ "ወንዝ፣ ድፍርስ" ካለ መልሱ እዚያው አለ። ዝናብም እንዲሁ። ርጭቱ ካለቀ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደዘነበ ባለማሳውን በማግሥቱ ደውዬ እጠይቅና እሞላለሁ። ከማሳ ከወጣሁ በኋላ የሚሞላው ይህ ብቻ ነው።

ቀን ላይ ሁለት አቆጣጠር ስላለን ወጥመዱ ብዙ ነው። ጠርሙሱ ላይ የማብቂያው ጊዜ "09/2025" ካለ በኛ መስከረም 2018 አካባቢ ነው። በኛ ያነበበ ሰው ግን ዘጠነኛው ወር ግንቦት፣ ዓመቱም ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ይመስለዋል። መድኃኒቱን ስረከብ ቀኑን ወደኛ መልሼ በማርከር ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። ያለፈበትን አልረጭም፤ ባለማሳውም ሁለት ክረምት የሚበቃ እንዳይገዛ እመክራለሁ። ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ማስወገድ ቀላል አይደለም፣ አገሪቱ ራሷ የተከማቸባትን ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ልካለች።

የመጨረሻው ሳጥን "ከዚህ ቀን በፊት አይሰበሰብም" ይላል። የሚጠበቀው ቀን ብዛት ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው መለያ ይወሰዳል፣ የሚቆጠረውም ከርጭቱ ማግሥት ጀምሮ ነው። ሽንኩርት ላይ ግጭቱ በበዓል ሰሞን ነው። ገበያው ለገና ሲሞቅ ባለማሳው ታኅሣሥ 25 ሊነቅል አስቦ ታኅሣሥ 18 ላይ ይጠራኛል። መለያው 14 ቀን ካለ የመጨረሻው ርጭት መሆን የነበረበት ታኅሣሥ 11 ነው። "ጋሼ፣ ወይ ገበያውን ያሳልፉት ወይ ርጭቱን ይተዉት" እላለሁ፤ የሚቀየመኝ አለ። የረጨሁበት ማሳ ከሆነ ግን ቀኑን አንብቤለት ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ልጆችና ከብት እንዳይገቡ ማሳው ዳር ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎ የሚነሳበት ሰዓትም እዚያው ይጻፋል። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ "ጠዋት" ወይም "ማታ" የሚለውን ሁልጊዜ እያከልኩበት።

ባዶ ጠርሙስ የሚቆጠረው ከፊርማው በፊት ነው። ሩቡን ውሃ ሞልቼ፣ ከድኜ፣ ግማሽ ደቂቃ አራግፌ ወደ መርጫው እገለብጣለሁ፤ ሦስት ጊዜ። ይህን የማደርገው መርጫው ገና እየተሞላ ሳለ ነው፤ ርጭቱ ካለቀ በኋላ የታጠበበት ውሃ የሚሄድበት የለውም። ከዚያ ጠርሙሱ ታቹ ይበሳል። ሳይበሳ የቀረ ጠርሙስ ነገ ዘይት ወይም የመጠጥ ውሃ ይያዝበታል። ደብተሩ ላይ "ስንት ባዶ፣ ስንት የተበሳ" የሚሉት ሁለት ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ከማሳው አልሄድም።

የምጽፈው በካርቦን ነው፤ ዋናው ለባለማሳው፣ ቅጂው ለኔ። ማታ ገጹን በስልክ አነሳለሁ። እስክሪብቶው ተራ ቢክ ይሁን። የጄል ቀለም በረጠበ ጓንት ሲነካ ይሟሟል፣ እርሳስ ደግሞ ይጠፋል፣ ይለወጣልም። ደብተሩም በላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው ይያዝ እንጂ ከመድኃኒቱ ጋር አይቀመጥ።