ከመሮጥ በፊት መቀመጥ፦ ላብራዶሬን ለአደን ሥራ እንዴት አሠለጠንኩት

ሪትሪቨር የሚባሉት የአደን ውሾች ሥራ ተመትቶ የወደቀውን ወፍ ፈልገው፣ ሳይጎዱ፣ በአዳኙ እጅ ማስረከብ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው የሥልጠናው ዋና ጉዳይ ሮጦ ማምጣትን ማስተማር ይመስለዋል፤ እኔ ግን አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ጠባብ ግቢ ቡላ የተባለውን ላብራዶሬን ሳሳድግ የተረዳሁት፣ ማምጣቱ አብሮት የተወለደ መሆኑንና ውሻው ሊማረው የሚገባው ሳይታዘዝ አለመነሣትን መሆኑን ነው። የዘሩ ጥንተ አባቶች በኒውፋውንድላንድ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚሠሩ ውሾች ነበሩ፤ የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ላብራዶርን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። በብሪታንያ የመስክ ውድድሮች ሳይላክ የሮጠ፣ ተራውን ሲጠብቅ የጮኸ ወይም ወፉን በጥርሱ የጨፈለቀ ውሻ ይሰናበታል። ሦስቱም ጥፋቶች ራስን ካለመግዛት የሚመጡ ስለሆኑ ሥልጠናዬን የጀመርኩት ከዚያ ነው።

ለዚህ ጠባቡ ግቢ ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። መርካቶ ሸራ የሚሰፋ ሰው ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድቡልቡል የመለማመጃ ጥቅል ሠራልኝ፤ ጥቅሉን በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለው ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ስወረውር ቡላ ያነሣውን ይዞ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ወደ እኔ ብቻ ይመጣል። ሲደርስ ቶሎ ነጥቄ አልወስድበትም፤ መጀመሪያ ደረቱን እደባብሳለሁ፣ ቀጥሎ መዳፌን ከአገጩ ሥር ዘርግቼ እቀበለዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚነጠቅ ውሻ ጥርሱን ማጥበቅ ይለምዳል። ከምወረውረው ውስጥ አብዛኛውን እሱ ተቀምጦ እያየ ራሴ ሄጄ አነሣዋለሁ። ለሚመለከት ሰው አሰልቺ ነው፤ ለውሻው ግን የወደቀ ነገር ሁሉ የእሱ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳው ነገር አላገኘሁም። የፊሽካውን ትእዛዝ ያስተማርኩት በምግብ ሰዓት ነው፤ አንድ ረጅም ድምፅ ተቀምጠህ እየኝ ማለት ሲሆን፣ ተከታታይ አጫጭር ድምፆች ና ማለት ናቸው።

ርቀቱን የሰጠን ጃንሜዳ ነው። ማለዳ ሯጮቹና ኳስ ተጫዋቾቹ በሚሞሉት በዚያ ሜዳ፣ ኳስ በአፍንጫው ፊት እየተንከባለለች ሳይነሣ የሚቀመጥ ውሻ ቆቅ ከሥሩ ብድግ ብትልም እንደሚቀመጥ አምናለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በረጅም ገመድ፣ ኋላም ያለ ገመድ፣ ከጨዋታው ዳር አስቀምጠው ጀመር። የጎረቤቴ ልጅ ከሩቅ ሁለት ጣውላ አጋጭቶ የተኩስ ድምፅ ያሰማል፣ «ጋሼ፣ ልወርውር?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጥቅሉንም ወደ ላይ ይልካል። ቡላ የወደቀበትን ቦታ በዓይኑ ይይዛል፤ እኔም ትንፋሹ እስኪረጋጋ ጠብቄ እልከዋለሁ። ነፋሱ ከጥቅሉ ወደ እሱ እንዲነፍስ አቋቋማችንን እመርጣለሁ። በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ ርቀቱን አሳጥራለሁ፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ አስረዝማለሁ።

በኋላ ውሻ ካላቸው ወዳጆች ጋር እዚያው ተሰብስበን፣ የብሪታንያውን የልምምድ ውድድር አሠራር ተከትለን እያንዳንዱን ሥራ ከ20 ነጥብ እየለካን ተወዳደርን። ቡላ ሁለተኛ ወጣ። ያሸነፈው አንድ ጎልደን ሪትሪቨር ነበር፤ ባለቤቱ ውሻውን ወደ አካባቢው በእጅ ምልክት ካደረሰው በኋላ ፊሽካውን ከአፉ አውርዶ በዝምታ ይቆማል፣ ውሻውም በአፍንጫው ብቻ እየሠራ ያገኛል። ይህን ካየሁ ወዲህ ጥቅሉን እኔም በማላውቀው ቦታ በልጁ አስደብቃለሁ፤ ቦታውን ስለማላውቅ ላዝዘው አልችልም፣ ቡላም ዓይኑን ወደ እኔ ማንሣቱን እየተወ ነው።

የቀረን የውኃ ልምምድ ነው። በከተማው መሀል ለዚህ የሚሆን ውኃ ስለሌለ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቢሾፍቱ ልወስደው አስቤያለሁ፤ እዚያም የሚጀምረው ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ሌላ ውሻ ሲዋኝ በመመልከት ይሆናል።